የእንጀራ ቤቱ የወጪ ደብተር፦ ከአክስቴ ጋር የምንሠራው ሥራ ማስታወሻ

ማርች፣ የመጀመሪያው ሳምንት

አክስቴ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ እንጀራ መጋገሪያ ሊከፍቱ ነው። ሙያው እጃቸው ላይ ነው። እርሾውን፣ አብሲቱን፣ የምጣዱን ሙቀት ማንም አያስተምራቸውም። ገንዘብም ከደመወዝና ከእቁብ አጠራቅመዋል። ያስቸገራቸው ወረቀቱ ነው። ከአከራይ፣ ከካውንቲ፣ ከባንክ፣ ከኢንሹራንስ የሚመጣው ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ግን በሌላ ስም ነው የሚጠይቀው። አንዱ «ፊ» ይላል፣ አንዱ «ዲፖዚት»፣ አንዱ «ፕሪሚየም»፣ ሌላው «ቻርጅ»።

አክስቴ እንግሊዝኛ ይችላሉ። ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ሠርተዋል። የወጪ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነው። እዚሁ ተወልደው ያደጉ ልጆችም የንግድ ቤት ሊዝ፣ የኪራይ ውሉን ማለት ነው፣ ሲያነቡ ግራ ይጋባሉ። እኔ ደግሞ የሰው ሒሳብ መዝገብ ስይዝ ነው የምውለው። «አንቺ ልጅ፣ ቃሉን ብቻ አስረጂኝ፤ ገንዘቡን እኔ አውቅበታለሁ» አሉኝ። በዚሁ ተስማማን።

ሰፋ ያለ፣ ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር ገዛሁ። በኤ ቢ ሲ ዲ የተደረደረ የቃላት ዝርዝር ለፈተና ይጠቅም ይሆናል። ገንዘብ ለሚያወጣ ሰው ግን አይበቃም። እሱ ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው። ይህ ገንዘብ ተመልሶ ይመጣል ወይ? የምከፍለው አንዴ ነው ወይስ በየወሩ? ከታክስ የሚቀነስልኝስ ዘንድሮ ነው ወይስ በብዙ ዓመት? ስለዚህ ገጹን በአራት ዓምድ ከፈልኩት። አንደኛው ላይ ቃሉ እንደሚነገረው በፊደላችን ይጻፋል። የቀሩት ሦስቱ ላይ የጥያቄዎቹ መልስ።

የመጀመሪያው ገጽ ቶሎ ሞላ። ዲፖዚት፦ ይመለሳል፣ አንዴ፣ ከታክስ አይቀነስም፤ አሁንም የእርስዎ ገንዘብ ነውና። ፊ፦ አይመለስም። ፕሪሚየም የኢንሹራንስ ክፍያ ነው፤ አይመለስም፣ በወር ወይም በዓመት ይከፈላል። አክስቴ ወዲያው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ «ኖን ሪፈንደብል ዲፖዚት» የሚል ወረቀት እጃቸው ላይ ነበር። ስሙ ዲፖዚት ነው፤ አይመለስም። እሱን ከፊ ጋር አብረን አሰፈርነው። በስሙ ብንሄድ ኖሮ ከሚመለሰው ጋር ይቆጠር ነበር።

ማርች አጋማሽ

ሁለት ኤሌክትሪሺያኖች ዋጋ ላኩልን። የአንዱ ወረቀት «ኤስቲሜት» ይላል፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። የሌላው «ኮት» ይላል፣ ከፍ ይላል። አክስቴ ዝቅ ወዳለው አዘነበሉ።

ኤስቲሜት ግምት ነው። ሥራው ሲገፋ ዋጋውም ሊገፋ ይችላል። ኮት ግን «በዚህ ዋጋ እሠራለሁ» የሚል ቃል ነው፤ እስከ መቼ እንደሚጸናም አብዛኛውን ጊዜ ግርጌው ላይ ይጻፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሰውዬ ደውለን ቁርጡን ዋጋ በጽሑፍ እንዲልክ ጠየቅነው። ሲልክ ከሁለተኛው በልጦ መጣ።

እዚያው ገጽ ላይ «ቼንጅ ኦርደር» የሚለውን ጨመርኩ። ኮቱ ከተፈረመ በኋላ «ግድግዳው ውስጥ ያልጠበቅነው ነገር አገኘን» ተብሎ የሚመጣ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ውሉ ላይ «ያለ ጽሑፍ ፈቃዴ ተጨማሪ ሥራ አይጀመርም» የሚል አንድ መስመር እንዲገባ አደረግን። ይቺ መስመር ብዙ ገንዘብ ታድናለች።

ኢንቮይስና ሪሲትም እዚሁ ገቡ። ኢንቮይስ «ክፈሉ» ነው፣ ሪሲት «ተከፍሏል» ነው። ታክስ የሚሠራልን ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ኢንቮይስ ብቻውን ገንዘቡ መውጣቱን አያሳይም። አብዛኛው የሱቅ ሪሲት የሚታተመው በሙቀት በሚጽፍ ወረቀት ላይ ነው፤ መኪና ውስጥ ከከረመ ጽሑፉ ይጠፋል። አክስቴ ማንኛውንም ሪሲት ከሱቁ ሳይወጡ ፎቶ ያነሡታል።

ማርች መጨረሻ

ሊዙ መጣ። ከዚህ ሥራ ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ሰፊ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

ቤቱ 1,200 ስኩዌር ፊት ነው። ማስታወቂያው «30 ዶላር፣ ትሪፕል ኔት» ይላል። አክስቴ በወር ስንት እንደሚደርስ ጠየቁኝ። 30 ዶላሩ ለአንድ ስኩዌር ፊት የሚከፈል የዓመት ኪራይ ነው። 1,200 በ30 ሲባዛ 36,000 ዶላር በዓመት፤ ለ12 ሲካፈል 3,000 ዶላር በወር። «እሱማ ይቻላል» አሉ።

«ትሪፕል ኔት» ግን ገና አልተቆጠረም። የሕንፃው የንብረት ግብር፣ የሕንፃው ኢንሹራንስ፣ የጥገናው ወጪ፤ ሦስቱም በኪራዩ ላይ ተጨምረው በተከራዩ ላይ ይወድቃሉ። የጥገናው ክፍል «ካም» ይባላል። የመኪና ማቆሚያው መብራት፣ የበረዶ ጠረጋው፣ የግቢው ጽዳት እዚያ ውስጥ ናቸው። ቤቱን የሚያከራየውን ወኪል ስንጠይቀው የዘንድሮው ለስኩዌር ፊት 8 ዶላር ነው አለን። 1,200 በ8፣ 9,600 ዶላር በዓመት። በወር 800። ኪራዩ 3,800 ሆነ።

ይህም 8 ዶላር ግምት ነው። በዓመቱ መጨረሻ አከራዩ እውነተኛውን ወጪ አስልቶ ልዩነቱን ያስከፍላል። «ሪኮንሲሊዬሽን» ይሉታል። በረዶ የበዛበት ክረምት ከሆነ ሒሳቡ በጸደይ ይመጣል። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «በየወሩ፣ እንደገና በዓመት አንዴ» ብዬ ጻፍኩ። ካሙ በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይጨምር ጣሪያ እንዲደረግበት መጠየቅ ይቻላል። ሳይጠየቅ የሚሰጥ አከራይ አላየሁም።

የመጨረሻው ገጽ ላይ «ፐርሰናል ጋራንቲ» አለ። አክስቴ ኩባንያውን በኤል ኤል ሲ ሊያቋቁሙ ነው፤ ኩባንያው ቢከስር ቤታቸው እንዳይነካ። ይህን ገጽ ከፈረሙ ግን ኩባንያው ያልከፈለውን ኪራይ በግላቸው ይጠየቃሉ። ለአዲስ ንግድ አከራዮች ብዙ ጊዜ ይጠይቁታል። መልሱ ወይ ዕድሜውን ማሳጠር፣ ወይ የገንዘቡን መጠን መገደብ ነው። ይህን ለጠበቃ ሰጠነው። እንዲህ ላለው ነገር ለጠበቃ የሚከፈል ገንዘብ አያስቆጭም።

ኤፕሪል መጀመሪያ

«ቢልድ አውት»። ባዶውን ቤት ወጥ ቤት ለማድረግ የሚወጣው ሁሉ ነው። ብዙ ሰው ምጣድና ማቡኪያ ይቆጥርና ጨረስኩ ይላል። ትልቁ ወጪ ያለው ግን ግድግዳው ውስጥና ጣሪያው ላይ ነው።

ምጣዱን እንይ። በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ120 ቮልት ሲሰላ 12 አምፕ ተኩል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ 15 አምፕ መስመር አይበቃውም፤ እያንዳንዱ ምጣድ የራሱ 20 አምፕ መስመር ይፈልጋል። አራት ምጣድ፣ አራት መስመር። ፍሪጁን፣ ማቡኪያውን፣ የውኃ ማሞቂያውን ጨምሩበት። የቤቱ ፓነል፣ መብራቱን ለየመስመሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ላይችለው ነው። ኮቱ ላይ «ፓነል አፕግሬድ» የሚለው መስመር የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ላይ የካውንቲ ጤና ቢሮዎች ብዙ ጊዜ ለንግድ ወጥ ቤት የተፈቀደ መሆኑን የሚያሳይ «ኤን ኤስ ኤፍ» ወይም ተመሳሳይ ምልክት ያለበት ዕቃ ይጠይቃሉ። ቤት የለመድነው ምጣድ ላያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት መጠየቅ።

ከዚያ «ሁድ» አለ፣ እንፋሎቱን የሚያወጣው። ሁለት ዓይነት ነው። ታይፕ ዋን ቅባት ያለው ጭስ ለሚያወጣ ምግብ ሲሆን የእሳት ማጥፊያ ሥርዓት አብሮት ይገጠማል። ታይፕ ቱ ለሙቀትና ለእንፋሎት ነው። የዋጋቸው ልዩነት ሰፊ ነው። እንጀራ የሚያወጣው እንፋሎት ነው፤ የሚወስነው ግን ካውንቲው ነው። ስለዚህ ለተቆጣጣሪው አጋገሩን በጽሑፍ አስረዳን። ሊጡ ፈሳሽ መሆኑን፣ ክዳኑን፣ ምንም እንደማይጠበስ። አክስቴ ምጣዱን ሲያሟሹ ዘይት ጠብ እንደሚያደርጉ ነግረውኝ እሱንም ጻፍኩ። ተደብቆ ኋላ ቢገኝ ሥራውን ያስቆማል።

ባለ ሦስት ገንዳ የዕቃ ማጠቢያ፣ ለብቻው የእጅ መታጠቢያ፣ የሚታጠብ ወለል። እነዚህ የታወቁ ናቸው።

እዚህ ገጽ ላይ «ቴናንት ኢምፕሩቭመንት አላዋንስ» ገባ። አከራዩ ለቤቱ ማሻሻያ ከራሱ የሚያዋጣው ገንዘብ ነው። ግን መቼ ነው የሚከፍለው? አብዛኛውን ጊዜ እኛ ከፍለን፣ ሥራው አልቆ፣ ሪሲት ካቀረብን በኋላ ነው። ስለዚህ ይመጣል ተብሎ በእሱ ግንበኛ መክፈል አይቻልም። ሁለተኛው ዓምድ ላይ «ይመለሳል፣ ዘግይቶ» አልኩ።

ወኪሉ ሲያወራ «ሰከንድ ጀነሬሽን ስፔስ» የሚል ቃል አመለጠው። ቀድሞ ምግብ ቤት የነበረ ቤት ማለት ነው፤ ሁዱም ቧንቧውም አለ። አክስቴ ዓይናቸው በራ። «እንዲህ ያለውን ፈልግልን እንጂ!» አሉት።

ኤፕሪል አጋማሽ

የመንግሥት ክፍያዎች። እዚህ ብዙ አልቆይም።

ሜሪላንድ ውስጥ ኤል ኤል ሲ ማስመዝገቢያው 100 ዶላር ነው። ቶሎ እንዲያልቅ ከተፈለገ ተጨማሪ አለው። ሰው የሚረሳው የዓመቱን ነው፤ አኑዋል ሪፖርት ሲገባ 300 ዶላር ይከፈላል፣ ኤፕሪል 15 ነው ቀኑ። አንድ ብር ባይሸጥም ይከፈላል። የፌዴራል መለያ ቁጥሩ፣ ኢ አይ ኤን የሚባለው፣ ከፌዴራሉ የታክስ ቢሮ፣ ከአይ አር ኤስ፣ በነፃ ነው። ኢንተርኔት ላይ ለዚሁ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች አሉ፤ የመንግሥት ይመስላሉ። አትክፈሉ።

ኤፕሪል መጨረሻ

የታክሱ ዓምድ። እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

መጀመሪያ «ራይት ኦፍ»። ሰው ሁሉ «ግዛው፣ ራይት ኦፍ ነው» ይላል፤ ነፃ የተሰጠ ያህል። የ1,000 ዶላር ወጪ ከገቢ ይቀነሳል እንጂ ከታክስ ላይ 1,000 አይቀነስም። 22 በመቶ የፌዴራል ታክስ እርከን ላይ ያለ ሰው ከገቢ ታክሱ የሚቀነስለት 220 ዶላር ነው። 780ው ከኪሱ ወጥቷል። ደብተሩ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ቀጥሎ «ስታርት አፕ ኮስት»። በአሜሪካ የታክስ ሕግ ይህ የራሱ ትርጉም ያለው ቃል ነው፤ አንቀጽ 195። ንግዱ በሩን ከመክፈቱ በፊት የወጣ፣ ንግዱ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ እንደ ተራ ወጪ የሚቀነስ ገንዘብ ነው። የገበያ ጥናት፣ አቅራቢ ለማየት የተደረገ ጉዞ፣ ለረዳቷ በሥልጠና ጊዜ የተከፈለ ደመወዝ፣ የመክፈቻ ማስታወቂያ፣ ከመከፈቱ በፊት የተከፈለ ኪራይ። ምጣድና ሁድ እዚህ አይገቡም፤ እነሱ «ዲፕሪሲዬሽን» ውስጥ ናቸው፤ የዕቃ ዋጋ በሚያገለግልበት ዘመን የሚቀነስበት መንገድ ነው። የጤፉ ዱቄትም አይገባም፣ የሚሸጠው ዕቃ ዋጋ ነው። ዲፖዚትም አይገባም።

ከዚህ ወጪ ንግዱ በተከፈተበት ዓመት እስከ 5,000 ዶላር በአንዴ ይቀነሳል። የቀረው በ180 ወር ተከፋፍሎ ይቀነሳል፤ 15 ዓመት። ጠቅላላው ከ50,000 ካለፈ ያለፈው ያህል ከ5,000ው ላይ ይነሣል። 53,000 ከሆነ 2,000 ብቻ ይቀራል፤ 55,000 ከደረሰ ምንም።

የአክስቴን አሰላን። 7,700 ዶላር። 5,000ው በመጀመሪያው ዓመት። የቀረው 2,700 ለ180 ሲካፈል በወር 15 ዶላር። ሴፕቴምበር ላይ ከከፈቱ እስከ ዲሴምበር አራት ወር፣ 60 ዶላር። የመጀመሪያው ዓመት 5,060። አክስቴ «15 ዶላርዋን ለአሥራ አምስት ዓመት?» ብለው አዩኝ። አዎ። ለዚህ ነው ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ንግዱ ጨርሶ ካልተከፈተ፣ «ልሞክር እንዴ» እያሉ ለማጣራት ያወጡት አጠቃላይ ወጪ የግል ወጪ ሆኖ ይቀራል፤ አይቀነስም። የተከፈተበት ቀን ማስረጃ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ሽያጭ ኢንቮይስ ደብተሩ ውስጥ እንለጥፋለን።

ሜይ መጀመሪያ

ከባንክ ጋር። ባንኩ የጠየቀው የአክስቴ የራሳቸው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ከየት እንደመጣ ነው። «ኢኪዩቲ ኢንጀክሽን» ይሉታል። የመንግሥቱ የአነስተኛ ንግድ ቢሮ፣ ኤስ ቢ ኤ፣ በአበዳሪ ድርጅቶች በኩል የሚያሰጠው ማይክሮሎንም እስከ 50,000 ዶላር ይደርሳል። እሱንም እያየን ነው።

የአክስቴ ገንዘብ ግማሹ የእቁብ ነው። እቁብ በእጅ ተሰብስቦ በእጅ ይሰጣል፤ ባንክ ደግሞ ወረቀት ይፈልጋል። የእቁቡ ዳኛ ስማቸው፣ መዋጮውና ዕጣው ያለበት ወረቀት ፈርመው አዘጋጁልን። ገንዘቡን ባንክ ስናስገባ ሊታወቅ የሚገባ ነገር አለ። በጥሬው ከ10,000 ዶላር በላይ ሲገባ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ይሞላል። ይህ ተራ አሠራር ነው፤ ጥፋት የለበትም። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለመሸሽ ተብሎ ከፋፍሎ ማስገባት ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም ወንጀል ነው። ይህን የማያውቅ ብዙ ደህና ሰው በመካከላችን አለ። አክስቴ በአንዴ አስገቡት፣ የእቁቡን ወረቀት ይዘው።

ጁን

«ብሬክ ኢቭን»። ትርፍም ኪሳራም የሌለበት ልክ ነው። ደብተሩ ሁሉ እዚህ ገጽ ላይ ይገናኛል።

ሸጥንም አልሸጥንም በየወሩ የሚወጣው «ፊክስድ ኮስት» ነው። ኪራይ 3,800፣ የረዳቷ ደመወዝ 2,000፣ ኢንሹራንስ 300፣ ስልክና ልዩ ልዩ 200። 6,300 ዶላር። በሽያጩ ልክ የሚጨምረው «ቬሪያብል ኮስት» ነው። አሥር እንጀራ የያዘ አንድ ፓክ ለሱቆች በ7 ዶላር እንሰጣለን። ጤፉ፣ መብራቱ፣ ፌስታሉ፣ ማድረሻው 3 ዶላር ከ50 ይወስዳል። 3 ዶላር ከ50 ይተርፋል።

6,300 ለ3.50፣ 1,800 ፓክ በወር። በ25 የሥራ ቀን 72 ፓክ፣ 720 እንጀራ በቀን። አክስቴ ብዕሩን ተቀበሉኝ። አንድ ምጣድ አስፍቶ፣ ከድኖ፣ አውጥቶ፣ እንደገና እስኪግል ሦስት ደቂቃ። በሰዓት ሃያ። አራት ምጣድ ሰማንያ። 720 ለ80 ዘጠኝ ሰዓት። ብዕሩን አስቀመጡ። «ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ፣ ለእኔ ገና ምንም» አሉ። ልክ ናቸው፤ የባለቤቱ ገንዘብ፣ «ድሮው» የሚባለው፣ ወጪው ውስጥ የለም። ከትርፍ ነው የሚወጣው፣ ከታክስም አይቀነስም።

የጋራ ወጥ ቤትንም አሰላን፣ በሰዓት 25 ዶላር የሚከራየውን። መነሻው ርካሽ ነው፤ ቢልድ አውት የለ፣ ሊዝ የለ። ግን በሰዓት ስምንት ፓክ ነው የምናወጣው። 25 ለ8፣ ለአንድ ፓክ 3 ዶላር ከ12 ሳንቲም ከምናምን። የሚተርፈው 38 ሳንቲም አይሞላም። ለመጀመር ርካሽ፣ ለመጋገር ውድ። «ሎው ስታርት አፕ ኮስት» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር አሁን ይህን ገጽ ነው የማስበው።

ወኪሉ 700 ስኩዌር ፊት የሆነ፣ ቀድሞ ምግብ ቤት የነበረ ቤት አገኘ። በዚያው ዋጋ ኪራዩ 1,750፣ ትሪፕል ኔቱ 467 ገደማ፣ ድምሩ 2,217። ፊክስድ ኮስቱ ወደ 4,717 ወረደ። 1,348 ፓክ በወር፣ 540 ያህል እንጀራ በቀን፣ ሰባት ሰዓት የማይሞላ ሥራ። አክስቴ ይህንን መረጡ።

ጁን መጨረሻ

«ወርኪንግ ካፒታል» ላይ ነን፤ ሥራውን ከቀን ወደ ቀን የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ነው። ሱቆቹ «ኔት ሰርቲ» ይላሉ፤ ዛሬ ወስደው በ30 ቀን ይከፍላሉ። የአይዳሆ ጤፍ የሚያመጣልን አከፋፋይ ግን ለአዲስ ደንበኛ እጅ በእጅ ነው። መሀል ያለውን ወር የሚሸፍን ገንዘብ ምጣድ ላይ ወጥቶ ካለቀ ሽያጭ እያለ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ የአንድ ወር ተኩል ወጪ ለብቻው በሌላ አካውንት ተቀመጠ። አክስቴ «አትንኪው» የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል፣ በባንክ ደብተሩ ላይ።

የቀረን የሠራተኞች ኢንሹራንስ ነው፣ «ወርከርስ ኮምፕ»። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ያለውም ሊኖረው ይገባል። ኮት ጠይቀናል። ፕሪሚየሙ የሚሰላው ለደመወዝ እናወጣለን ባልነው ግምት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ መዝገባችንን አይተው የጎደለውን ያስከፍላሉ፣ የበዛውን ይመልሳሉ። ረዳቷ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ሰሞን ተጨማሪ ሰዓት መሥራቷ አይቀርም፤ ያንን ግምቱ ውስጥ አስገብተን ነው የላክነው። ሦስተኛው ዓምድ ላይ «በየወሩ፣ በዓመቱ ማስተካከያ» ብዬ ከካሙ ሥር ጻፍኩት።